«የወጌሻ ብቻ» ብዬ ያስጻፍኩት ሕግ

መልእክቱ የደረሰኝ ለአንዲት አሮጊት ሾርባ ሳበላ ነው። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሳም። ሾርባውን አብልቼ፣ አፏን ጠርጌ፣ ሳህኑን መልሼ፣ የእረፍት ሰዓቴ ሲደርስ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ ከፈትኩት። የድምፅ መልእክት ነው። የላከችው ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነች ጓደኛዬ ናት።

«እህትዓለም፣ አያ አረፈ» አለች። «ጨዋታ ላይ ሳለን ነው። ስኳሩ ነው መሰለኝ። ላብ አጠመቀው፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ከዚያ ተኛ። ዲያቆኑ አባን ሊጠራ ሮጠ፣ እኔ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። እኛ ምንም አልነካነውም፤ እንዳልሽው።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስተኛውን የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል በትክክል ሰምቼ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። በትክክል ነበር የሰማሁት። ጓንቴን አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ስድስት አልጋ አነጠፍኩ፣ ሁለት ሰው አጠብኩ፣ የአንዱን ሽማግሌ ጥፍር ቆረጥኩ። አላለቀስኩም። ይህን የምጽፈው ጠንካራ ሴት ነኝ ለማለት አይደለም። እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም፣ እስከ ዛሬም አልመጣም።

አያ የምንለው ሰው አስጎብኚ ነበር። ከሁላችንም በዕድሜ ስለሚበልጥ አያ አልነው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። እኔ በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነበርኩ፤ እነርሱም እንደ አገሩ ሁሉ ሲስተር ይሉኛል። ዲያቆኑ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ ጋር ብራና ይጽፋል፣ እጁ ቆንጆ ነው። የሆቴሏን ደግሞ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አራታችን ነበርን።

እንግዳ የጠፋበት ዘመን ነበር። ሆቴሉ ባዶ ነው፣ የምግብ አዳራሹ ወንበሮች ተደራርበዋል። አንድ ቀን አያ አንድ ወፍራም መጽሐፍና አንዲት የጨርቅ ከረጢት ይዞ መጣ። አንድ ፈረንጅ ክፍሉ ውስጥ ረስቷቸው ሄዶ፣ ዕቃ ቤት ከርመው ባለቤታቸው ሳይመለስ ቢቀር የሆቴሉ ሰዎች ለአያ ሰጡት። በከረጢቷ ውስጥ ባለ ብዙ ፊት ጠጠሮች አሉ፤ ትልቁ ሃያ ፊት አለው፣ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ቁጥር ተጽፏል። አያ መጽሐፉን አንድ ሳምንት ሙሉ አነበበው። ከዚያ ሰበሰበን።

ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። አንዱ አጫዋች ይሆንና ታሪኩን ይናገራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠሩት ሰው አላቸው፣ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ሃያ ፊት ያለው ጠጠር ይጣላል። ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል፣ ትንሽ ከወጣ አይሳካም። በቃ ይኸው ነው። አጫዋቹ አያ ነበር፤ ለፈረንጅ ሲያወራ የኖረ ሰው ስለሆነ ማውራቱን ያውቅበታል።

እኔ ጠጠር መጣሉ አላማረኝም። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ገንዘብ ይያዝበታል?» አሉኝ።

«የለም፣ አባ።»

«መንፈስ ትጠሩበታላችሁ?»

«ኧረ እመቤቴን! ተረት ነው፣ አባ። ተራ በተራ የምናወራው ተረት ነው።»

«ታዲያ ከገበጣ በምን ይለያል? ብቻ ቅዳሴ እንዳታስታጉሉበት።»

በዚህ ተፈቀደልኝ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሁሉ በሙያ ተከፍሏል። ወታደሩ አለ፣ ሌባው አለ፣ በጸሎት የሚፈውስ ቄስም አለ። ዲያቆኑ እዚያ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ወደ ጎን ገፋው።

«ክህነት በጠጠር አይሆንም» አለ። «ይህን ካስገባችሁ እኔ የለሁበትም።»

«እሺ፣ ወጣ» አለ አያ። «አንተስ ምን ትሆናለህ?»

«ጠራቢ። ድንጋይ እጠርባለሁ።»

«እኔ ሌባ ነኝ» አለች የሆቴሏ።

«አንቺ? ሆቴሉ እንዳይሰማ!»

«ሆቴሉማ ያውቃል። የሻይ ማንኪያው ሁሉ የት የገባ መሰለህ?»

ቄሱ ሲወጣ ቁስለኛ የሚያድን ሰው ጠፋ። ያንን ቦታ እኔ ወሰድኩ። ወጌሻ ሆንኩ።

ክርክሩ የተነሣው በሁለተኛው ቀን ነው። የእኛ ሰዎች አንድ ዋሻ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ እንደሚለው የተደበቀ ወጥመድ ማየት የሚችለው ሌባ ብቻ ነው። የሆቴሏ ጠጠሯን ጣለች፣ ሦስት ወጣ። አላየችም። ጣሪያው ወረደብን።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ዲያቆኑ። «እኔ ጠራቢ አይደለሁም እንዴ? ዕድሜ ልኬን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጣሪያ ስንጥቅ አላይም? እርሷ ብቻ ናት የምታይ?»

«መጽሐፉ እንዲያ ይላል» አለ አያ።

«መጽሐፉ ላሊበላን አያውቅም።»

ሳቅን። አያ ግን አልሳቀም፤ ነገሩ ገብቶት ነበር። «አያችሁ» አለ፣ «ሌባው ይችላል ተብሎ ሲጻፍ፣ ሳይነገር ሌላው አይችልም ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው። ሳይጻፍ በፊት ሁሉም ዓይን ነበረው።»

«እንግዲያ ሁሉም ሁሉን ይችላል በሉ!» ብላ ተነሣች የሆቴሏ። «ስንጥቁን እርሱ ካየ፣ ቁልፉን ሲስተር ከከፈተች፣ እኔ ሌብነቴን ምን ላድርገው? ቁጭ ብዬ ሻይ ላቅርብላችሁ?»

እርሷም እውነት ነበራት። የራሱ የሆነ ነገር የሌለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ ያን ቀን ጨዋታው ቀረና ችሎታዎቹን አንድ በአንድ እያነሣን ለሁለት ከፈልናቸው። ለአንድ ሙያ ብቻ የተተወውን «የአጥር» አልነው። ማንም ሊሞክረው የሚችለውን «የወል» አልነው፣ ልክ እንደ ወል ግጦሽ። ማየት፣ መስማት፣ መውጣት፣ መዋኘት የወል ሆነ። ቁልፍ መክፈት የሌባ አጥር ሆኖ ቀረ፤ የሆቴሏም እጇን አጨብጭባ ተቀመጠች። ድንጋይ በመዶሻ አንኳኩቶ ውስጡ ባዶ መሆኑን ማወቅ የጠራቢ ሆነ። ዲያቆኑ በትልቅ ወረቀት ላይ በብራና እጁ ጻፈው። የአጥሩን በቀይ፣ የወሉን በጥቁር።

ከዚያ ቁስል ማሰር ላይ ደረስን።

«ይህ የወል ነው» አለ አያ። ማንንም አልጠየቀም።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን?»

«ሳያውቁ ከመንካት አለመንካት ይሻላል።»

አያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ሲከራከር ድምፁ ዝቅ ይላል። «ስሚኝ፣ ሲስተር። ይሳካል አላልኩም። ይሞክር ነው የምል። አንቺ ስምንት ከጣልሽ ይበቃሻል፣ የማያውቀው ግን አሥራ ስምንት መጣል አለበት። የተሰበረ አጥንት መጠገን የአንቺ አጥር ይሁን፣ ማንም አይገባበትም። ደም ማቆም ግን የሰው ሁሉ ነው። ጓደኛው አጠገቡ ደሙ ሲፈስ ቁጭ ብሎ ያያል?»

«አዎ፣ ያያል» አልኩት። «ወጌሻ ይጠራል።»

እንዲህ ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ ክርክር ጥቂት ወራት በፊት፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ካለ መንደር አንዲት ሴት በቃሬዛ መጣች። ማጭድ እግሯን ቆርጧት፣ ባሏ ደሙን ለማቆም ከጉልበቷ በታች በጠፍር ጠፍንጎ አስሯል። ሲያስረው ደሙ ቆሟል። ተደስቶ ጠፍሩን ሳይፈታ አሳደራት። እኔ ጋ ስትደርስ እግሯ ጠቁሮ ነበር። ባልየው «አቆምኩላት እኮ፣ ሲስተር፣ ደሙን አቆምኩላት እኮ» ይለኝ ነበር። ያን ሰው እያሰብኩ ነው እንቢ ያልኩት። ጨዋታ መሆኑን ረስቼው አልነበረም፤ በጨዋታ የለመዱትን በእውነት ያደርጉታል ብዬ ፈርቼ ነው።

አያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። «እሺ፣ ያንቺ ሙያ ነው፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። ዲያቆኑም በቀይ ጻፈው፦ «ቁስል ማሰር፣ ለታመመ መድኃኒት መስጠት፣ የወጌሻ ብቻ።»

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ተረኛ ሆኜ ቀረሁ። በማግስቱ የሆቴሏ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ጠራቢውን ቀበርነው» አለችኝ። ቀስት እግሩን መቶት፣ ደሙ ፈሶ አልቋል። ዲያቆኑ የገዛ ሰውዬው ሲሞት ወረቀቱን እያየ ተቀምጧል። «በቀይ ነዋ የተጻፈው» አለኝ። «እጄን አጣጥፌ ሞትኩ።» ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። አያ ሌላ ጠራቢ ሰጠው።

አያ ከወጣትነቱ ጀምሮ ስኳር ነበረበት። መርፌውን ራሱ ይወጋል። ቤቱ ማቀዝቀዣ ስለሌለው መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔ ነኝ ያሳየሁት። ጾም ሲገባ አባም እኔም ጾም አይመለከትህም ብለነዋል። አባማ በግልጽ ነግረውታል። እርሱ «ሆዴ እሺ አይለኝም» ይልና መርፌውን ተወግቶ እስከ ቀትር ምንም ሳይቀምስ ይቆያል። ለእኔ ቀምሻለሁ ይለኛል።

አንድ ጊዜ ታሪኩን እያወራ ሳለ ቃሉ ተምታታበት። ዲያቆኑን በሆነ ባልሆነው ተቆጣው። ግንባሩ አላበው። ወዲያው ገባኝ፤ መርፌውን ተወግቶ ስላልበላ ስኳሩ ወርዷል። ክንዱን ይዤ ወደ ጓዳ ወሰድኩት፣ አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ምነው እዚህ አመጣሽኝ?» አለኝ። ይኸው ነበር ሥራው ሁሉ። ስኳርና ውሃ።

የሆቴሏ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አደረግሽለት? አሳይን እንጂ፤ አንቺ በሌለሽበት ቢይዘውስ?» አለችኝ።

«ይህ የእናንተ አይደለም» አልኳት። «እንዳትነኩት። እኔን ጥሩ።»

ይህን ለምን እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። መርፌውንም እንውጋው እንዳይሉ ፈርቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ጠፍር ያሰረው ባልም ከዓይኔ አልጠፋም ነበር፣ ይህም እውነት ነው። ሌላም አለ፣ ለንስሐ አባቴ ከነገርኩ ወዲህ እዚህ ልጻፈው፦ ሲስተር ተብሎ መጠራት ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ከሌለሁ የማይሆን አንድ ነገር መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር። በወረቀቱ ላይ ቀይዋ መስመር የእኔ ነበረች።

ከዚያ እኔ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ስወጣ ዲያቆኑ ጸሎተ ሃይማኖትን በትንሽ ብራና ጽፎ ሰጠኝ፣ የሆቴሏ በርበሬ አሰረችልኝ፣ አያ ትልቁን ጠጠር ሊሰጠኝ ፈልጎ «ያለ እርሱ በምን ትጫወታላችሁ?» ብዬ መለስኩለት። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትሼ አሰርኩ። የፓስፖርቴን ቅጂ በሦስት ቦታ አስቀመጥኩ። ስኳሩ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ግን ሳላሳያቸው ሄድኩ። ትዝም አላለኝ።

አሁን ያለሁበት አገር ሰሜን ነው፣ ብርድ ነው። የምሠራው በአረጋውያን ቤት ነው። የነርስነት ወረቀቴ እዚህ አይሠራም። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ተፈቅዶልኛል፤ መርፌ መንካት የነርሷ ነው። ስንት ዓመት መርፌ የወጋሁ እኔ፣ ነርሷ ስትወጋ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። አልተከፋሁበትም፣ ሕግ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። ስኳሩ የወረደ ሰው መዋጥ እስከቻለ ድረስ፣ መጀመሪያ ያየው ማንም ይሁን ማን፣ ጽዳት ሠራተኛም ቢሆን ሊጠይቅ የመጣ ዘመድም ቢሆን፣ ጭማቂ ይሰጠዋል፤ ነርስ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። በየቀኑ በዚያ ወረቀት ፊት አልፋለሁ። አያ በዚያ በክርክሩ ቀን ያለኝ ይህንኑ ነበር። ወረቀቱን ባነበብኩበት ቀን ደውዬ ልነግራቸው እችል ነበር። እኔ ግን አነበብኩትና ፈረምኩ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

መልእክቱ ከመጣ በኋላ ለዲያቆኑ ደወልኩ። በአራተኛው ጊዜ አነሳ።

«ሲስተር» አለ።

«እንዴት ነበር?»

«ዓቢይ ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ ገና ረፋድ ነበር። አያ ጾሙን እንደማይሽር ታውቂያለሽ። ሳላስፈቅድ በአፉ አድርጌበት፣ እንዲያው ጾሙን አስገድፌው ቢሞትስ አልኩ። አባ ይፍቱት ብዬ ሮጥኩ። ዳገቱን ታውቂዋለሽ። ስንመለስ…»

«ስኳር ነበር?»

«ምን?»

«ጠረጴዛው ላይ ስኳር ነበር?»

«ሆቴል አይደለም እንዴ» አለ። «ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ለአባም ደወልኩ። አባ ሽማግሌ ናቸው፣ ስልክ ሲይዙ ይጮኻሉ፤ ያን ቀን ግን አልጮኹም። «ልጄ» አሉኝ፣ «ለታመመ ሰው ስኳር ለማጠጣት የእኔ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛ ይጹም ብላ አታውቅም። ይህን በየዓመቱ ጾም ሲገባ ቆሜ እናገራለሁ። ልጁም ሰምቶኛል። ደንግጦ ነው።» ከዚያ እንዴት ነሽ፣ ትጾሚያለሽ ወይ፣ ብርዱስ ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ነኝ አልኳቸው። ያልኩትም ውሸት አልነበረም፤ ምንም አላመመኝም ነበር።

እውነቱን ለመናገር አሁንም ምንም አይሰማኝም። ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ፣ ቃሉ በአፌ ያልፋል። እሰግዳለሁ፣ ስንት እንደሰገድኩ አይጠፋኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ያለችው በባቡር ሦስት ሰዓት በሚያስሄድ ከተማ ነው፤ እሑድ ሄጄ ስሙን አስጠራሁ። ሲጠራ ሰማሁ። አንዲት ሴት አጠገቤ ለሌላ ሰው ታለቅስ ነበር፣ መሐረብ ሰጠኋት። ሥራ ቦታ የሚያውቅ የለም። ሾርባ የማበላት አሮጊት ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተካክላ የጠራችኝ በዚያው ሳምንት ነው፤ ፈገግ አልኩላት፣ ጉንጬ ሲንቀሳቀስ ታወቀኝ።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዲያቆኑ ጾሙን ፈርቶ ሮጠ፣ ይህን ነግሮኛል፣ የእርሱን ከእርሱና ከአምላኩ ጋር እተወዋለሁ። ነገር ግን፣ ጓደኞቼ፣ እዚያ ሁለት ሆናችሁ ነበር። እርሱ ዳገቱን ሲወጣ አንዷ እዚያው ነበረች፣ ስኳሩም እዚያው ነበር። «እንዳልሽው» የምትለዋ ቃል ዝም ብላ አልመጣችም። እኔን ለማጽናናት ይሁን፣ ቃሌን መታዘዛችሁን እንዳውቅላችሁ ይሁን፣ ወይስ በዚያች ሰዓት በአፍ የተነገረች ቃል ትሁን አላውቅም። ይህን ሳላውቅ ማዘንም መጸጸትም ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

ስለዚህ እህትዓለም፣ አንተም ወንድሜ ዲያቆኑ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከአርባው በፊት ጻፉልኝ። ስልክ አልፈልግም፤ በስልክ ሰው ይራራል። ግንባሩ ካላበው እስኪተኛ ድረስ ምን ያህል ቆየ? መዋጥ ይችል ነበር? ውሃ ጠይቋል? መጀመሪያ የተናገረ ማን ነው፣ ምንስ አለ? ለእኔ ብላችሁ አታሳምሩት፣ እንደተባለ ጻፉት። ወደ ስኳሩ የተዘረጋ እጅ ከነበረ፣ «ሲስተር አትንኩ ብላለች» ብሎ ያን እጅ የመለሰ ቃልም ከነበረ፣ እርሱንም ሳትተዉ ጻፉልኝ።